ሐረር ጁገል፤ ከተማን ከከተማ የሚለየው ምንድር ነው?

ከተማ ማለት ሰው የተሰበሰበበት፥ ቤት የበዛበት፥ ገበያ የቆመበት ስፍራ ነው ቢሉ እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተማ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። መንገደኛ አንዱን ከተማ አይቶ በማግሥቱ ይረሳዋል፤ ሁለተኛውን አይቶ ግን እስኪያረጅ ድረስ ለልጆቹ ያወራዋል። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ተማሪዎች ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሕንፃውን ቁመት፥ የመንገዱን ስፋት፥ የመብራቱን ብዛት ይጠራሉ። ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ለማሳየት በኢትዮጵያ ውስጥ ከሐረር ጁገል የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በሐረር ጁገል ረጅም ሕንፃ የለም፤ መንገዱም ጠባብ ነው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐረር በምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋማ ስፍራ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ከተማዪቱ ወደ ውጭ እጅግ ሰፍታለች፤ የዚህ ትምህርት ነገር ግን በግንብ ስለ ታጠረው ስለ ጥንታዊው ክፍል ነው፤ ጁገል የሚባለውም ይኸው ነው። ስፋቱ 48 ሄክታር ነው። በቀድሞው ልክ ቢነገር ከአንድ ጋሻ መሬት ብዙ አይበልጥም። በዚህ በአንድ ጋሻ ላይ 82 መስጊዶች አሉ፤ ከእነዚህም ሦስቱ በ10ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ መሆናቸው ተመዝግቧል። ደግሞም ከ100 የሚበልጡ የወልዮች መዘከሪያዎች፥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፥ ገበያዎችና ከሁሉም የሚበዙት የነዋሪዎቹ ቤቶች አሉ። ተወላጆቹ ከተማቸውን «ጌ» ብለው ይጠሯታል፤ ቋንቋቸውም ከአማርኛና ከግዕዝ ጋራ የሚዛመድ ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቅ ሰው በሐረር ሰዎች ንግግር ውስጥ ዘመድ የሆኑ ቃላትን ይሰማል፤ እኛ በር የምንለውን እነርሱ በሪ ይሉታል።

የከተማዪቱን ታሪክ መምህሩ በአጭሩ ይንገር። በ1512 ዓ.ም. ገደማ የአዳል ሱልጣን አቡበከር መናገሻውን ወደ ሐረር አዛወረ። ኢማም አሕመድ ወደ ደጋው የዘመተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ኢማሙ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በጦርነት ከሞተ በኋላ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ገዛ፤ ግንቡንም ያሠራው እርሱ ነው። ይህ አሚር ኑር በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ በወደቁበት ጦርነት ድል ያደረገው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከ1640 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐረር የራሷ አሚሮች ያሏት፥ የራሷን ገንዘብ የምትመታ አገር ሆና ኖረች። በ1868 ዓ.ም. ግብጾች ያዟት፤ በ1877 ዓ.ም. ለቀዋት ሄዱ። በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. ምኒልክ፥ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ ጨለንቆ ላይ አሚር ዐብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዪቱን ያዙ፤ ራስ መኰንንም ገዥ ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጦርነት ስለ በዛ አንዳንድ መምህር ፈጥኖ ሊያልፈው ይወድ ይሆናል፤ ወይም የአንዱን ወገን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ይህ አይገባም። የዐፄ ገላውዴዎስን ሞት በዜና መዋዕል ያነበበ ሰው የአሚር ኑርን ግንብ ደግሞ እንደ ራሱ አገር ሥራ አድርጎ መመልከት ይችላል። ግንቡን የካበው ግንበኛ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋራ ሲያገጥም ያሳየው ጥበብ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ አልተለወጠም። ልጆች ይህን በሕፃንነታቸው ካልተማሩ አድገው የአባቶቻቸውን ጠላት ሥራ ነው ብለው ቅርስ ያፈርሳሉ። እንዲህ ያለ ጥፋት በብዙ አገር ታይቷል።

ግንቡ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዙሪያ አለው፤ ቁመቱም 4 ሜትር ያህል ነው። የጥንቱ በሮች አምስት ናቸው፤ በስተ ሰሜን አሱም በሪ፥ በስተ ምሥራቅ አርጎ በሪ፥ በደቡብ ምሥራቅ ሱቁጣት በሪ፥ በደቡብ በድሮ በሪ፥ በምዕራብ አስማዲን በሪ ይባላሉ። አማርኛ ተናጋሪዎች ፋላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሸዋ በር ይሏቸዋል። በኋላ ዘመን መኪና እንዲገባበት ስድስተኛ በር ተከፈተ። የአምስቱ በሮች ነገር እንዲያው ለመግቢያ ብቻ አልነበረም። ከየበሩ አንድ ዋና መንገድ ወደ መካከል ይሄዳል፤ ከተማዪቱም በእነዚህ መንገዶች በአምስት ሰፈር ተከፍላ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው የየትኛው በር ሰው እንደ ሆነ ሲናገር ሰፈሩን፥ ጎረቤቱን፥ ነጋዴም ከሆነ በስተ የት አገር እንደሚነግድ ተናገረ ማለት ነው። በግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ ሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቡ የከተማዪቱን ጥራጊ እየበላ ያጸዳል። በሌላ አገር ጅብን ለማስቀረት አጥር ይታጠራል፤ የሐረር ሰዎች ግን በግንባቸው ላይ ለጅብም በር አበጅተውለታል።

ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ ወዲያው ይጠብባል። ጠባቦቹ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲቈጠሩ 368 ናቸው ይባላል። እንዲህ የሚጠብበው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ በግንብ በታጠረ ቦታ መሬት ውድ ስለ ሆነ ነው። አንድም ከፍ ያሉት የቤት ግድግዳዎች በግራና በቀኝ ሲቆሙ ለመንገደኛው ጥላ ስለሚሆኑለት ነው። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ የዕርቅ መንገድ ይባላል፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች በእርሱ ላይ ቢገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉምና። ሌላው ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል፤ ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከሚሰማው ድምፅ ስሙን አገኘ። የመንገድ ስም በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ሰዎች እንዲህ ካለው ኑሮ ስም ያወጡ ነበር። ይህ ነገር ለሽማግሌዎች አዲስ አይደለም፤ በየቀበሌው እንዲህ ያለ ስም ያለው ወንዝ፥ ዛፍና መሻገሪያ አለና።

መንገደኛው በእነዚህ መንገዶች ሲሄድ ከግድግዳና ከበር በቀር አያይም። የሐረር ቤት መልኩን ለመንገድ አይሰጥም፤ በሩ ወደ ግቢ ነው፥ ቤቱም ከግቢው ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ከተማዪቱን አይተው አልገባቸውም። በ1847 ዓ.ም. የገባው እንግሊዛዊ መንገደኛ ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማዪቱ ብዙ ጻፈ፤ ከጻፈው አብዛኛው ግን የተናቀ አስመስሎ ያየው ነገር ነው። የሐረር ጌጥ በቤቱ ውስጥ ነው፤ ለማየትም መጋበዝ ያስፈልጋል።

የቤቱ ግድግዳ ሐሺ በሚሉት በአገሩ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ ይካባል፤ ከዚያም ኖራ ይቀባል። የጥንቱ ጣራ ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ነበር። ዋናው ክፍል ግድር ጋር ይባላል፤ ትልቁ ቤት ማለት ነው። ወደዚህ ክፍል የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው መደቦችን ነው። በአማርኛ መደብ የሚባለውን የሐረር ሰዎች ነደባ ይሉታል። አምስት ናቸው፤ ከፍታቸውም አንድ አይደለም። እያንዳንዱ መደብ የተወሰነ ሰው ይቀመጥበታል። አሚር ነደባ የሚባለው የክብር ቦታ ነው፤ ሊከበር የሚገባው እንግዳ ወይም የቤቱ ታላቅ ይቀመጥበታል። ግድር ነደባ ሰፊው መደብ ነው፤ ዘመድና እንግዳ በብዛት ይቀመጡበታል። ትንሹ መደብ፥ ከበሩ ኋላ ያለው መደብና ለመኝታ የሚሆነው ስውሩ መደብ ቀሪዎቹ ናቸው። ሰው በገባ ጊዜ አስተናጋጅ ሳያስፈልግ የት መቀመጥ እንዳለበት ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። የገበሬ ልጅ ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። በአባቱ ቤትም ምሰሶው ሥር የሚቀመጥ፥ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ፥ ከምድጃው ዳር የሚቀመጥ የታወቀ ነውና። የሐረር ግንበኛ ግን ይህን ሥርዐት በድንጋይና በአፈር ሠርቶ አጸናው።

በዚህ ክፍል ግድግዳ ላይ መስኮት የሚመስሉ፥ ወደ ውጭ ግን የማይከፈቱ ጉድጓዶች አሉ፤ በተለመደው አሠራር 11 ናቸው። ቅዱስ መጽሐፋቸውና ሌሎች መጻሕፍት፥ ከእንጨትና ከሸክላ የተሠራ ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ከዚህም ሌላ ግድግዳው በስንደዶ በተሰፋ ሥራ ይሸፈናል፤ ሰፌዱና ክዳኑ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ ከግድግዳው ወርደው ያገለግላሉ። ከትልቁ ክፍል ጎን ቂርጣት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ አዲስ የተጋቡ ሙሽሮች ለጥቂት ጊዜ የሚቆዩበት ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ቢታይ በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደ ሆነ ይነገራል።

ወለሉና የመደቦቹ ጠርዝ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ይህም ቀይ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ ነው የሚሉ አሉ። የቀለሙ ልማድ የመጣው ከዚህ ቢሆንም ባይሆንም፥ ሰዎች ሐዘናቸውን በየቀኑ በሚረግጡትና በሚቀመጡበት ነገር ላይ አድርገው ለልጅ ልጅ ማውረዳቸው መምህሩ ሳያልፈው ለተማሪዎች ሊያሳየው የሚገባ ነው። ሐውልት ለማቆም ገንዘብና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ቀይ አፈር ግን ለድኻም ይገኛል።

የሐረር ልዩነት ምንጩ ከዚህ ላይ ይገለጣል። ጎንደርን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፤ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት የሠሯቸው ግንቦች 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ ቆመው ይታያሉ፤ በጥቅምት 1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የጎንደር ክብር ከንጉሥ የመጣ ነው፤ ንጉሡ ግንበኛ ጠርቶ፥ ገንዘብ አውጥቶ አሠራ፤ ያማረም ሆነ። በሐረር ግን ለመንገደኛ የሚታይ ቤተ መንግሥት የከተማዪቱ ዋና ነገር አይደለም። ዋናው ነገር የነጋዴው፥ የመጽሐፍ ጠራዡ፥ የሸማኔው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርዐት መጠበቁ ነው። ባለጠጋው ሰፊ ቤት ይሠራል፥ ድኻውም ጠባብ፤ ሆኖም የሁለቱም ቤት መደብ አለው፥ የሁለቱም ወለል ቀይ ነው፥ የሁለቱም በር ወደ ግቢ ይከፈታል። ስለዚህ የከተማዪቱ መልክ የሁሉ ሥራ ሆነ፤ አንድም ሰው ብቻውን ሊያሳምራት አይችልም። ብቻውን ሊያበላሻት ግን ይችላል።

ይህ ማለት ሐረር ከውጭ የመጣውን አልቀበልም አለች ማለት አይደለም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው ባለ ሁለት ደርብ፥ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ቤት ሠሩ። የአገሩ ሰዎችም ከዚህ ጥቂቱን ከራሳቸው ጋራ አዋሕደው ሦስተኛ ዓይነት ቤት አወጡ። በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በአርቱር ራምቦ ስም የሚጠራው ያማረ የእንጨት ሥራ ያለበት ቤት ከእነዚህ የሕንድ ነጋዴዎች ቤቶች አንዱ ነው፤ ራምቦ በሐረር መኖሩ እውነት ነው፥ በዚህ ቤት መኖሩ ግን አይመስልም። እንግዶች ግን ለስሙ ሲሉ ይመጣሉ፤ ከመጡም ቤቱን ማየታቸው አይከፋም።

ከቤቱ ሌላ የእጅ ሥራቸውም የከተማዪቱ ክፍል ነው። የሐረር ሰዎች በሽመና፥ በስፌትና በመጽሐፍ መጠረዝ የታወቁ ናቸው። በብራና ላይ ለተማረ ሰው ይህ የመጨረሻው ልብ የሚነካ ነው። ቁርበቱን ማልፋት፥ ጥራዙን መስፋት፥ ገበታውን በቆዳ ማልበስና በቆዳው ላይ ሐረግ መጣል በደብርም በመስጊድም አጠገብ አንድ ዓይነት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ጥበብ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ ዐብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ሐረሬ ጥንታውያን መጻሕፍትና ዕቃዎችን በገዛ ቤታቸው መሰብሰብ ጀመሩ፤ በኋላም ስብስቡ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት ወደ ነበረው ቤት ተዛውሮ ቤተ መዘክር ሆነ። የመጠረዙም ጥበብ እንደ ገና እንዲሠራበት ደከሙ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋት። ከዚያም በፊት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ከልክሎ ነበር። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገብ ግድግዳ አይደግፍም፤ ዐዋጅም በክረምት የሚያፈስ ጣራ አይከድንም።

ቤቱን የሚጎዳው ምን እንደ ሆነ በግልጥ መናገር ይሻላል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በመላው አገርም ብዙ ቤት ከሠራው ሰው ወገን እጅ ወጥቶ ለተከራይ ተሰጠ። ተከራይ የሌላውን ቤት አይጠግንም፥ ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን ነገ የእርሱ እንደ ሆነ ስለማያውቅ ነው። ትልቁ ክፍል በጣውላ ለሁለት ሲከፈል መደቡ ለመቀመጫ አይመችም፤ ስለዚህ ይፈርሳል። አንዱ ቤተ ሰብ ልጆች ሲበዙበት ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ቢሠራ ክፉ አሳብ የለበትም፤ ቦታ አጥቶ ነው። ቆርቆሮም ከአፈር ጣራ ይልቅ ይቀላል፤ በየክረምቱ መደልደል የለበትምና።

የሲሚንቶው ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ብዙ ሰው ለቤቱ የጠቀመ እየመሰለው ይጎዳዋል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይገባበታል፤ ያም እርጥበት በኖራው በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ እንደ ሆነ መውጫ ያጣል። ውኃው በውስጥ ይቀራል፥ ጭቃውን ያላላዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል፥ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአባቶች ኖራ ከሲሚንቶ ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ ለዚያ ዓይነት ግድግዳ የሚስማማው እርሱ ነው። ይህ ነገር ለሐረር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያለበት ደብርና መንደር ሁሉ የሚመለከተው ነው። ሽማግሌዎች ለማሳደስ ገንዘብ ሰብስበው ሲሚንቶ ከመግዛታቸው በፊት የኖራ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጉ።

መምህሩ ይህን ትምህርት ሲሰጥ ሐረርን ያላዩ ተማሪዎች በቃል ብቻ ሰምተው እንዳይረሱት በሚከተለው መንገድ ያስተምር። በመጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ የአንዱን ግድር ጋር ወለል በገመድና በችካል ያስምር፤ አምስቱ መደቦች የሚሆኑበትንም ቦታ በድንጋይ ይለይ። ከዚያም ተማሪዎቹን አንዱን አባት፥ ሁለተኛውን እንግዳ፥ ሦስተኛውን ሙሽራ አድርጎ ያስቀምጣቸው፤ ስፍራውን የሳተ ሌሎቹ ያርሙት። በሚቀጥለው ቀን ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደው የአባታቸውን ቤት በክንድ ይለኩ፤ ምሰሶው ከምን እንጨት እንደ ሆነ፥ ጭቃው ከምን ጭድ ጋራ እንደ ተቦካ፥ በማን እጅ እንደ ተሠራ ይጠይቁ። የየመንደሩንም የመንገድና የመሻገሪያ ስም ከነምክንያቱ ይሰብስቡ። ይህን የሚያውቁ አረጋውያን በአንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ይጠሩ፤ ልጆቹ የለኩትንና የሰሙትን በሰሌዳው ላይ ይጻፉ፥ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው የሳቱትን ያርሙ።